ጅብ ውሻ ነው ወይስ ድመት? ከመርዙ በፊት መልሱን ያንብቡ

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ብርሃን ዳርቻ ነው። አሳጥሬ ላቅርበው፦

«በአንድ ወር ውስጥ ሁለት በግ ጅብ በላብኝ። ጎረቤቶቼ ሥጋ ላይ መርዝ አድርገን እንጨርሰው እያሉ ነው። እኔ አመንትቻለሁ። ልጄ ከመጽሐፏ አንብባ ‹ጅብ ከጠፋ ሥርዓተ ምኅዳሩ ይዛባል› አለችኝ። እሷ ራሷ ደግሞ ፈተና ላይ ጅብ የድመት ቤተሰብ ነው ብላ ጽፋ፣ መምህሯ ‹የውሻ ቤተሰብ ነው› ብለው ኤክስ አደረጉባት። ለመሆኑ ጅብ ውሻ ነው ወይስ ድመት? ወንድም ሴትም ነው የሚባለውስ እውነት ነው? ቢጠፋስ እኛ ምን ይቀርብናል?»

መርዙን በተመለከተ መልሴ አጭር ነው፤ አታድርጉት። ምክንያቱን እመጣበታለሁ። መጀመሪያ የልጅዎን ፈተና እንጨርስ። ብዙ ሰው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን አንድ አድርጎ ያያቸዋል። «ጅብ የማን ዘመድ ነው?» አንድ ጥያቄ ነው። «ጅብ ምን ሥራ ይሠራል?» ሌላ ጥያቄ ነው። አንዱን የሚመልሰው ዘር ቆጠራ ነው፤ ሌላውን የሚመልሰው ሥነ ምኅዳር። ሁለቱ ሲደበላለቁ ነው ስህተቱ የሚመጣው።

መምህሯ ተሳስተዋል። ልጅዎም ሙሉ በሙሉ አላገኘችውም። እኔ አራሚ ብሆን ግማሽ ነጥብ እሰጣት ነበር። ጅብ የውሻ ቤተሰብ አይደለም። የድመት ቤተሰብም አይደለም። የራሱ ቤተሰብ አለው፤ ያ ቤተሰብ ግን የቆመው ከድመት በኩል ነው።

እንዴት? ለጋብቻ ሰባት ቤት ሲቆጠር አይተዋል። ሁለት ሰዎች አረማመዳቸው ስለተመሳሰለ ዘመድ ናቸው አይባልም። አያት፣ ቅድመ አያት እየተባለ ወደ ላይ ይወጣል፤ የት ላይ እንደሚገናኙ ይታያል። የእንስሳት ምደባም ልክ እንደዚያ ነው። መልክ ፍንጭ ሊሰጥ ይችላል፤ ፍርድ ግን አይሰጥም። ጅብ ከእንስሳት ስፍን ነው። ከአጥቢዎች መደብ ነው። ከሥጋ በሎች ክፍለ መደብ ነው። እስከዚህ ድረስ ውሻም ድመትም አብረውት ናቸው። ከዚህ በኋላ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። በአንደኛው ቅርንጫፍ ውሻ፣ ቀበሮ፣ ድብ፣ ሌላው ቀርቶ ባሕር ውስጥ የሚኖረው «ሲል» የሚባለው አጥቢ እንስሳ አለ። በሌላኛው ድመት፣ አንበሳ፣ ነብር፣ ጥርኝ፣ ሸለምጥማጥና ፋሮ አሉ። ጅብ ያለው በዚህኛው ነው። ከሁሉም ይልቅ የሚቀርበው ደግሞ ለድመት ሳይሆን ለፋሮ ነው። አዎ፣ ለዚያች እባብ ለምትገድለው ትንሽ አውሬ። ቅርንጫፎቹ ከተለያዩ ከ40 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ይህ በሰባት ቤት አይቆጠርም።

መምህሯን ብዙ አንውቀስ። ከሳቸው በፊት የተሳሳቱ ትልልቅ ሰዎች አሉ። የዘመናዊ ምደባ አባት የሚባለው ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ባለ መስመሩን ጅብ ሲመዘግብ ከውሻ ወገን አስገብቶት ነበር። ከ19 ዓመት በኋላ የእኛን ሰፈር ባለ ነጠብጣብ ጅብ የመዘገበው ጀርመናዊው ኤርክስሌበንም ያንኑ ደገመ። ሁለቱም ያዩት ውጩን ነው። ረጅም አፍ፣ ረጅም እግር፣ እንደ ድመት ወደ ውስጥ የማይገባ ጥፍር። በኋላ የራስ ቅሉ፣ በተለይ ከጆሮው ሥር ያለው አጥንት አሠራር ሲጠና ነገሩ ተገለበጠ። ከዚያ የዘረ-መል ምርመራ መጣና ክርክሩን ዘጋው።

ታዲያ ለምን ውሻ መሰለ? ሥራው ነው ያስመሰለው። ድመት አድብታ ትዘላለች። ውሻና ጅብ ግን አሳደው፣ አድክመው፣ ረጅም መንገድ ሮጠው ነው የሚበሉት። አንድ ዓይነት ሥራ ለብዙ ሚሊዮን ዓመት ከተሠራ ሰውነቱም እየተመሳሰለ ይሄዳል። ገበሬ ሁሉ እጁ እንደሚሻክረው ማለት ነው፤ ወንድማማች ስለሆኑ አይደለም።

ስምም ያሳስታል። የሌሊት ወፍ ወፍ አይደለችም። ዓሣ ነባሪ ዓሣ አይደለም። ከእናንተ ብዙም ሳይርቅ መንዝ ጓሳ ላይ የሚገኘው ቀይ ቀበሮ ደግሞ ቀበሮ እንበለው እንጂ ወገኑ ከተኩላና ከውሻ ጋር ነው። ዝምድናው በጣም ቅርብ ስለሆነ ባሌ ውስጥ ከመንደር ውሻ ጋር ተዳቅሎ ተገኝቷል። ጅብ ግን ከውሻ ጋር በምንም ተአምር አይዳቀልም። «የጅብ ዲቃላ ውሻ» እያሉ ቡችላ የሚሸጡ ሰዎች ካጋጠሙዎት ብርዎን ይያዙ።

ወንድም ሴትም ነው የሚባለውን በአጭሩ ልመልስ። ሐሰት ነው። ወሬው ግን ከባዶ አልተነሳም። ባለ ነጠብጣቡ ጅብ ሴቷ የውጭ ብልቷ የወንድ ይመስላል፤ በሩቅ መለየት ለባለሙያም ይከብዳል። የምትሸናውም የምትወልደውም በዚያው ነው። የመጀመሪያ ወሊዷ ከባድ ነው፤ ግልገልም እናትም ሊሞቱ ይችላሉ። በመንጋው ውስጥ የበላይዋም ሴት ናት። ወንዱ ሲያድግ ከተወለደበት መንጋ ወጥቶ ሌላ መንጋ ይገባል፤ እዚያም ከሴቶቹ ሁሉ በታች ሆኖ ይኖራል። ሰው ማታ ማታ ጅብ ይሆናል የሚለው ደግሞ ከወሬም የከፋ ነው። ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ወገኖቻችን በዚህ የተነሳ ስንት ዘመን ተገልለዋል። በእንስሳው አካል ውስጥ ይህን የሚደግፍ ምንም ነገር የለም።

በዓለም ላይ ዛሬ በሕይወት ያሉት የጅብ ዝርያዎች አራት ብቻ ናቸው። ሦስቱ እኛ አገር አሉ። አንዱ ቆላ ቆላውን የሚኖረው፣ ጎፈር ያለው፣ ብቸኛ ባለ መስመር ጅብ ነው። ሌላው ምስጥ እየላሰ የሚያድር ትንሽ ጅብ ነው፤ በአንድ ሌሊት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ምስጥ ይጨርሳል፤ በግ የመግደል አቅምም የለውም። እናንተ ጋ የሚያላዝነው ሦስተኛው፣ ባለ ነጠብጣቡ ነው። ከዚህ በኋላ ጅብ ስል እሱን ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ።

ጅብ በዘር ከውሻ ይርቃል ብለናል። ከጥንብ አንሳ ጋርማ ጭራሽ አይገናኝም፤ አንዱ አጥቢ፣ አንዱ ወፍ። በሥራ ግን ሦስቱም አንድ ገበታ ላይ ናቸው። ሜዳ ላይ የሞተ አህያ ቢጣል ቀን ጥንብ አንሳ ይወርዳል፣ ውሻ ይከባል፣ ማታ ጅብ ይመጣል። የቀረውን ትልና ጥንዚዛ፣ በመጨረሻም ባክቴሪያና ፈንገስ ያበሰብሱታል። አፈሩ ይቀበለዋል፣ ሣሩ ይበቅላል። የምግብ ድር የሚባለው ይህ ነው። ሥርዓተ ምኅዳር ዘመድ አይጠይቅም፤ ማን ምን በላ፣ ማን ለማን ተረፈ፣ ነው ሒሳቡ።

በዚህ ሒሳብ ውስጥ እርስዎም አሉ። ጥያቄዎ ላይ «እኛ» እና «ሥርዓተ ምኅዳር» ሁለት አገር መስለው ነው የቀረቡት። አይደሉም። የምግብ ድሩ መነሻ፣ አምራቹ፣ የእርስዎ ገብስና የመስኩ ሣር ነው። በጉ ሣሩን ይበላል፤ እርስዎ በጉን ይበላሉ። ቆዳው፣ አንጀቱ፣ ጭንቅላቱ የት ይሄዳል? ላሟ ስትወልድ እንግዴ ልጁ የት ይጣላል? አህያው ሲሞትስ? መልሱ ብዙ ጊዜ «እዚያ ገደሉ ጋ» ነው። እዚያ ገደሉ ጋ ደግሞ ጅብ አለ።

ይህን የምለው ከጅብ ኩስ ነው። የጅብ ኩስ ሲደርቅ እንደ ጠመኔ ይነጣል፤ አጥንት ስለሚፈጭ ካልሲየሙ ነው የሚያነጣው። ሥጋው ይፈጫል፣ አጥንቱም ይፈጫል፤ ፀጉር ግን አይፈጭም። ኩሱን ሰብረው፣ አጥበው፣ ፀጉሩን በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ላዩ ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ንድፍ አለ። የበግ ንድፉ ሌላ ነው፣ የአህያ ሌላ፣ የላም ሌላ። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ሽታውን ተውት። ግን ጅቡ ትናንት ማንን እንደበላ ይነግራል። በሰሜኑ ደጋ ብዙ ቦታ የሚገኘው መልስ ያው ነው፤ የድኩላ ፀጉር የለም ማለት ይቻላል፤ ሁሉም የቤት እንስሳ ነው። የዱር ታዳኙን እኛ ጨርሰንበታል። ታንዛኒያ ውስጥ ሃንስ ክሩክ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጅቦችን ሌሊት ሲከተል እንዳሳየው ጅብ የጥንብ ለቃሚ ብቻ ሳይሆን ራሱ አዳኝ ነው፤ ሜዳው ላይ የሚበላውን አብዛኛውን ራሱ ይገድላል። አንበሳ ገድሎት ጅብ ነጠቀ ሲባል የኖረው፣ ብዙ ጊዜ ጅብ የገደለውን አንበሳ ነጥቆት ነው። እኛ ጋ ግን የሚያድነው ስለሌለ ከሰው እጅ ይኖራል።

ምን ያህል ከሰው እጅ እንደሚኖር አንድ ጥናት በደንብ ያሳያል። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጡት ነው። በዐቢይ ጾም ዙሪያ የጅብ ኩስ ሰበሰቡ። በ55ቱ ቀን ሥጋ ቤት ይዘጋል፣ እርድ ይቆማል፣ የሚጣል አንጀትና አጥንት ይጠፋል። ጅብ አይጾምም። ታዲያ ምን በላ? አህያ። ከጾሙ በፊት የአህያ ፀጉር የተገኘበት ኩስ 15 በመቶ ገደማ ነበር። በጾሙ ጊዜ 33 በመቶ ደረሰ። ከፋሲካ በኋላ ወደ 22 በመቶ ወረደ። የሰው የጾም ቀን መቁጠሪያ የጅብን ገበታ ሲቀይር አስቡት! ለእርስዎ ደግሞ ተግባራዊ ትርጉም አለው። በሁዳዴ አህያዎን ውጭ አያሳድሩ።

«ቢጠፋ ምን ይቀርብናል?» ለሚለው ጥሩ ቁጥር ያለን እንደገና ከመቀሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት በከተማዋ ዙሪያ 210 ያህል ጅቦች በዓመት 207 ቶን የእንስሳት ሬሳና ተረፈ እርድ እንደሚበሉ ገምቷል። በዚህም በዓመት 5 ሰዎችንና 140 ከብት፣ በግና ፍየል ከአባ ሰንጋና ከከብት ሳንባ ነቀርሳ ሊያድኑ ይችላሉ ብሏል። ቁጥሩ ስሌት እንጂ ቆጠራ አይደለም። ደግሞ 207 ቶኑ ከተማዋ ውስጥ ከሚወገደው ጠቅላላ የዚህ ዓይነት ቆሻሻ 4 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ስለዚህ «ጅብ ባይኖር ከተማው በጥንብ ይሞላ ነበር» የሚሉትን አልቀበልም። ጅብ ማዘጋጃ ቤት አይደለም። ማዘጋጃ ቤት በማይደርስበት ገደልና ጓሮ ግን በነፃ የሚሠራ ሠራተኛ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ የጅብ ወዳጆችም ብዙ ጊዜ ይስቱታል። ጅብ በሽታ ያጸዳል ስለተባለ በአባ ሰንጋ የሞተ ከብት ለጅብ አይተውም። ከብቱ በድንገት ከሞተ፣ ከአፍንጫው ወይም ከኋላው የማይረጋ ጥቁር ደም ከወጣ፣ አትክፈቱት፣ አትግፈፉት፣ አትብሉት። የአባ ሰንጋ ተህዋስ ሬሳው ሳይቀደድ ከበሰበሰ አብዛኛው እዚያው ይሞታል። ሬሳው ሲቀደድና አየር ሲያገኝ ግን ጠንካራ ዘር ሠርቶ አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቀመጣል። ቀዳጁ ቢላ ይሁን የጅብ ጥርስ ለተህዋሱ ልዩነት የለውም። እንዲህ ያለ ከብት ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ይነገራል፤ እንዳለ ይቃጠላል ወይም በጥልቀት ይቀበራል።

ገበታው ላይ ያለ ተመጋቢ ሲጠፋ ቦታው ባዶ አይቀርም። ይህን ሕንድ በውድ ዋጋ ተምራዋለች። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ለከብት ሕመም ማስታገሻ የሚሰጥ ዳይክሎፌናክ የሚባል መድኃኒት ጥንብ አንሳዎቿን ፈጀ። መድኃኒቱ ተሰጥቶት የሞተ ከብት የበላ ጥንብ አንሳ ኩላሊቱ ይቆማል። ከአንዳንዶቹ ዝርያዎች ከ95 በመቶ በላይ አለቁ። ሬሳው ግን መጣሉን አላቆመም። ማን በላው? ባለቤት የሌለው ውሻ። ውሻው በዛ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ስጋትም አብሮ ጨመረ። መድኃኒቱ ለከብት እንዳይሰጥ እ.ኤ.አ. በ2006 ሲከለከል ጉዳቱ ደርሷል። እናንተም ጅቡን ገድላችሁ አንጀቱን ገደል መጣል ከቀጠላችሁ፣ የምትለዋወጡት ጅብን በውሻ መንጋና በአይጥ ነው። በሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ 99 በመቶውን የሚያመጣው ውሻ ነው። ለእኔ ኪሳራ ነው።

መርዙ ራሱ ደግሞ ጅብ አይመርጥም። ሥጋው ላይ የሚደርሰው መጀመሪያ ማን እንደሆነ አታውቁም። ብዙ ጊዜ የራሳችሁ ውሻ ነው። ከዚያ ጅቡ ይሞታል፤ በበነጋው ጥንብ አንሳ ጅቡን ይበላል፤ እሱም ይሞታል። ጥንብ አንሳ በመንጋ ስለሚበላ አንድ የተመረዘ ሬሳ በአንድ ጠዋት ብዙ ሊጥል ይችላል። አፍሪካ ውስጥ ጥንብ አንሳ ከሚያልቅባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው፤ እኛ ጋ ከሚገኙት ውስጥ አራት ዝርያዎች ለመጥፋት አፋፍ ላይ ካሉት ተመዝግበዋል። መርዙ ዝናብ ሲመጣ ወደ ምንጩ ይወርዳል። ልጆች ደግሞ አሉ፤ እሱን አልዘረዝርም። ሕጉንም ልጨምር፤ በአገራችን ሕግ መሠረት ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መግደል ወንጀል ነው። «ጅብ ነው እኮ» ማለት አያስጥልም።

«ታዲያ ተኩሰን ብንገድልስ?» የሚል ይኖራል። ጅብ ቀስ ብሎ ነው የሚራባው። ሴቷ ብዙ ጊዜ የምትወልደው ሁለት ነው፤ ከአንድ ዓመት በላይ ታጠባለች። ስለዚህ መንጋ ማጥፋት ይቻላል። ግን ገበታው ተዘርግቶ ከቀረ የጎረቤት መንጋ ይገባል፤ መንገዱን የማያውቅ፣ ሰው ያልለመደ፣ የባሰ ደፋር ሊሆን ይችላል። ይዞ ሌላ ቦታ መልቀቅም መፍትሔ አይደለም፤ በሌላ ሰው በረት ላይ ጣልነው ማለት ነው፤ አንዳንዱም ተመልሶ ይመጣል።

እኔ የምመክረው ይህን ነው፤ ለድርድርም አላቀርበውም። መጀመሪያ በረቱ። ጅብ ከመዝለል ይልቅ ይገፋል፣ ይነክሳል፣ ከሥር ይገባል። ሁለቱ በጎችዎ የተበሉበትን በረት አላየሁትም፤ ግን በሩን ይመልከቱት። አብዛኛው ሰው ግድግዳውን በድንጋይ ይሠራና በሩን በሳንቃ ፍርፋሪና በሽቦ ያስረዋል። ጅብ የሚገባው በዚያ ነው። በሩ ወፍራም ይሁን። መወርወሪያው ከውስጥ ወይም ከጎን ይሁን። ከበሩ ሥር የሰው ጭንቅላት የሚያሾልክ ክፍተት አይኑር፤ ድንጋይ አንጥፉበት። ግድግዳው የሰው ቁመት ያህል ቢሆን፣ ላዩ ላይ የእሾህ አጥር ቢደረብበት ጥሩ ነው። ጣሪያ ካለው ደግሞ የተሻለ። ለአንድ ሰው ይህ ወጪ ነው። ለመርዝ የተሰበሰቡት ጎረቤቶች ለድንጋይ ቢሰበሰቡ ግን በሦስት ቅዳሜ ደቦ የአራት ቤት በረት ያልቃል።

ሁለተኛው ቆሻሻው ነው፤ እንዲያውም ዋናው እሱ ሳይሆን አይቀርም። የእርድ ተረፈ ምርት፣ እንግዴ ልጅ፣ የሞተ ጫጩት ሳይቀር ከቤት አጠገብ አይጣል። ከደጃፍ ራቅ ብሎ፣ ጠልቆ፣ አፈርና ድንጋይ ተጭኖበት ይቀበር። በተለይ የበዓል ሰሞን። ፋሲካ ማታ አንድ ሰፈር ሙሉ ያረደውን አንጀት አጥሩ ሥር ጥሎ በማግስቱ «ጅብ በዛብን» ሲል ሰምቻለሁ። ጅቡ በዝቶ አይደለም፤ ተጋብዞ ነው። አንድ ትልቅ ጅብ በአንድ ማዕድ ከ10 ኪሎ በላይ መዋጥ ይችላል፤ እንዲህ ያገኘበትን ቦታ ደግሞ አይረሳም።

ሦስተኛው ውሻ ነው። ጥሩ ውሻ ጅብን አያሸንፍም፤ ግን ይቀሰቅሳል፤ የሚፈለገውም እሱ ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው ዓይነት ከሆነብዎት ውሻውን ከበረቱ አጠገብ እንጂ ከመንገድ ዳር አያስሩት። የእብድ ውሻ ክትባቱን በየዓመቱ ያስከትቡት። መብራት ትንሽ ይረዳል፤ ግን ጅብ ቶሎ ይለምደዋል፤ ብርዎን ከመብራት በፊት በሩ ላይ ያውሉት።

ይህን ሁሉ አድርገው አንድም በግ አይበላም አልልም። ጅብ ብልህ ነው፤ አንድ ማታ በሩን ረስተው ይተኛሉ፣ እሱ አይረሳም። ኪሳራው ግን ከወር ሁለት ወደ ዓመት አንድ ወይም ዜሮ ሊወርድ ይችላል። አንድ የተለየ ጅብ ቀን በቀን ሰው መቅረብ፣ ልጆችን መከተል ከጀመረ ነገሩ ሌላ ነው፤ ያ የእናንተ ሳይሆን የባለሥልጣን ሥራ ነው። ለቀበሌና ለወረዳ አመልክቱ፤ ባለሙያ መጥቶ ያንን አንዱን ይመልከት።

ሰውን በተመለከተ ጥቂት ነገር። ሌሊት ደጅ አይተኛ፤ በተለይ ልጆችና የታመመ ሰው። የሰከረ ሰው ብቻውን አይሂድ። ጅብ ፊት ለፊት ካጋጠመዎት አይሩጡ፤ ሩጫ እሱ የሚያውቀው ሥራ ነው። ቆመው፣ ዱላ ይዘው፣ ጮኸው ወደ ኋላ ይራመዱ። ጅብ ወይም ውሻ ከነከሰዎት ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይጠቡት፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ጅብም እንደ ማንኛውም አጥቢ የእብድ ውሻ በሽታ ይይዘዋል። ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም። ቁስሉ ትንሽ ነው ብለው አይቆዩ፤ ጠበልም ቢሆን ከክትባቱ ጋር ይሁን።

«አብሮ መኖር ይቻላል ወይ?» ለሚል ሐረር አለች። የጀጎል ግንብ ላይ ጅብ የሚገባበት ቀዳዳ የተተወው ዛሬ አይደለም። ማታ ማታ ከግንቡ ውጭ ሥጋ በእንጨት ሲያጎርሷቸው ቱሪስት ፎቶ ያነሳል። እናንተ እንደዚያ አድርጉ አልልም። ማጉረሱን እንዲያውም አልመክርም፤ ሐረር የብዙ ዘመን ልማድ አላት፣ ደብረ ብርሃን ዳርቻ የላትም። የሰው እጅ ያየ ጅብ የሰው ደጅ ያያል።

ጎረቤቶችዎ ይህን ሳያነቡ መርዙን አስቀምጠው ከሆነ ዛሬውኑ ይሂዱ። ውሾች ይታሰሩ፣ ልጆች ከቤት አይውጡ። ሥጋውን በባዶ እጅ አትንኩት፤ ወፍራም ፌስታል እጅ ላይ ድርብ አድርጎ መሰብሰብ ይቻላል። ስንት ቦታ እንደተቀመጠ ያስቀመጠው ሰው ይቁጠር፤ ቁጥሩ እስኪሞላ ፍለጋው አይቁም። ከምንጭና ከወንዝ ርቆ በጥልቀት ይቀበር፤ ላዩ ላይ ድንጋይ ይጫን። የሞተ ጅብ ወይም ውሻ ካገኛችሁ እሱንም ጥንብ አንሳ ሳያገኘው በዚያው ቅበሩት።